ሁለት የዳታቤዝ መጠባበቂያዎች በአንድ ሰዓት ሲጋጩ

«የዳታቤዝ መጠባበቂያ እኩለ ሌሊት ላይ እንዲወሰድ በክሮን (ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በራሱ በሚያስጀምረው ፕሮግራም) አዝዣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግን ፋይሉ ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል፣ ድረ ገጹም በዚያው ሰዓት ይቆማል። ሰርቨሩ ከሌሎች ደንበኞች ጋር የጋራ ነው» ላሉት ጠያቂ፦ እኔም በዚሁ ተንገላትቻለሁና እርስዎ እንዳይንገላቱ የማውቀውን ልንገርዎ።

1. የራስዎን ክሮንታብ (የክሮን ትእዛዞችዎ የተዘረዘሩበትን ፋይል) መመርመሩን ይተዉት። የሚጋጨው ሥራ እዚያ የለም። ሰርቨሩን የሚያከራይዎት አስተናጋጅ ድርጅትም መጠባበቂያ ይወስዳል፤ ትእዛዙ ያለው በሩት ተጠቃሚው (በሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) ክሮን ውስጥ ስለሆነ ለእርስዎ አይታይም።

2. እኩለ ሌሊት ላይ ዳታቤዙ ውስጥ ገብተው «ሾው ፕሮሰስሊስት» ብለው ይዘዙ፤ በዚያች ሰዓት የሚሠሩትን ሥራዎች ይዘረዝራል። የሚታይዎት የራስዎ ሥራ ብቻ ቢሆንም ይበቃል። እኔ ስገባ ከላይ የራሴ ማይኤስኪውኤልዳምፕ (መጠባበቂያውን የሚወስደው ፕሮግራም) አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ያነብባል፤ ከሥሩ የድረ ገጼ ጥያቄዎች በሙሉ «ዌይቲንግ ፎር ቴብል ፍላሽ» (የሠንጠረዥ ፍላሽ እየጠበቅሁ ነው) እያሉ ተሰልፈዋል። እኔ ፍላሽ የሚል፣ ክፍት ሠንጠረዦችን የሚያዘጋ ትእዛዝ የትም አልጻፍኩም! የአስተናጋጁ መጠባበቂያ ሠንጠረዦቹን ሁሉ ሊቆልፍ መጥቶ የእኔ ንባብ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከኋላው የመጣው ሁሉ ደግሞ እርሱን ይጠብቃል።

የአስተናጋጁ የድጋፍ ክፍል ግን «ችግሩ የእርስዎ ኮድ ነው» የሚል አንድ ዓይነት መልስ እየለጠፈ ጥያቄዬን ሳያነብ ይዘጋው ነበር። ደንበኛን እንዲህ ማመናጨቅ ዛሬም ያናድደኛል። ዝርዝሩን ከነሰዓቱ ገልብጬ «ይህን ፍላሽ ያዘዘው ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ የሚሉት ጠፋቸው፤ የራሳቸው ሥራ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚጀምር ያለ ምንም ይቅርታ አመኑ። ኮዴ ንጹሕ መሆኑን በማስረጃ አስረድቻቸዋለሁ፤ በዚህ እኮራለሁ።

3. የሚጀምሩበትንና የሚጨርሱበትን ሰዓት በጽሑፍ ይጠይቋቸው። የእርስዎን ከዚያ በኋላ ያድርጉት፤ ያውም ልክ በሰዓቱ ሳይሆን 17 ደቂቃ ካለፈ በኋላ፤ የሰርቨሩ ጎረቤቶችዎም ልክ በሰዓቱ ማስጀመር ይወዳሉና። ሠንጠረዦችዎ ኢኖዲቢ የተባለው ዓይነት ከሆኑ በዳምፕ ትእዛዝዎ ላይ «ሲንግል ትራንዛክሽን» የሚለውን፣ ሠንጠረዦቹን ሳይቆልፍ የሚቀዳውን አማራጭ ይጨምሩ፤ ማይአይሳም ለተባለው ዓይነት አይረዳም።

ጎዶሎውን ፋይል በተመለከተ፣ ዳምፑን በቀጥታ ወደ ጂዚፕ (ፋይል ጨማቂው ፕሮግራም) የሚያስተላልፉ ከሆነ ዳምፑ መሐል ላይ ቢቋረጥም ጂዚፕ የደረሰውን ጨምቆ «ተሳክቷል» ይላል። በባሽ ስክሪፕትዎ (ትእዛዞቹን በጻፉበት ፋይል) ውስጥ «ፓይፕፌይል»ን ያብሩ፤ ከተያያዙት ትእዛዞች አንዱ ቢከሽፍ ሁሉም እንደከሸፈ ያስቆጥራል። የፋይሉን መጠን ሳይሆን የመጨረሻ መስመሩን ይመልከቱ፤ «ዳምፕ ኮምፕሊትድ» የሚል ከሌለበት ስክሪፕቱ የትናንቱን ቅጂ እንዳይሰርዝ ያድርጉ።