«እኛ ድራማ አንሠራም» ላሉሽ ሥራ አስኪያጅ ምን ትመልሺላቸዋለሽ?

ጥያቄ፦ በቲያትር ጥበባት ተመርቄ ጅማ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ተመልሻለሁ። የድርጅት ኃላፊዎችን በትወና ዘዴ ማሠልጠን እንደሚቻል ሰምቼ ጓጓሁ። ሐሳቤን ያስረዳኋቸው አንድ ሥራ አስኪያጅ ግን «እኛ ድራማ አንሠራም» ብለው ሳቁብኝ። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው፤ አቀራረብሽን ግን ቀይሪ። «በትወና አሠለጥናለሁ» ስትያቸው የታያቸው ሠራተኞቻቸው ፊት ዛፍ ሆነው ሲቆሙ ነው። መሳቃቸው አይፈረድባቸውም። አንቺ የምትሸጪው ልምምድ ነው። ተዋናይ ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት ትዕይንቱን ደጋግሞ ይሠራዋል። ሥራ አስኪያጅ ግን ሠራተኛ ሲያሰናብት እንኳ አንዴም ሳይሞክረው ነው ዘው የሚለው።

ሐሳቡ አንቺ የፈጠርሽው እንዳልሆነም ንገሪያቸው። ለንደን ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተው ራዳ የተባለው ዝነኛ የትወና ትምህርት ቤት ለኩባንያ ኃላፊዎች ሥልጠና የሚሰጥ ክፍል አለው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር። አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ እንውሰድ። ገበሬው እሸት ቡና ይዞ መጥቷል፤ ግማሹ ገና አረንጓዴ ነው። መመለስ አለበት። ችግሩ፣ ሰውየው የኃላፊው አባት ወዳጅ ናቸው፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ ደግሞ ያያል። በልምምዱ ገበሬውን አንቺ ተጫወቺ። ኃላፊው ዐይኑን ሚዛኑ ላይ ተክሎ «መመሪያ ነው» ብሎ ለመገላገል ይሞክራል። እዚያ ላይ አስቁሚው። ከሩሲያዊው የትወና መምህር ከስታኒስላቭስኪ የተማርሽውን ጥያቄ ጠይቂው፦ ከዚህ ንግግር ምን ትፈልጋለህ? «እንዲሄዱልኝ» ካለ ድምፁ የሚያባርር ድምፅ ነው። «ነገ ቀይ ቀዩን ለቅመው እንዲመለሱልኝ» ካለ ግን ቀና ይላል፤ ፊታቸውን ያያል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ቀጥሎ ቦታ ተለዋወጡ፤ እሱ ገበሬው ይሁን፣ አንቺ «መመሪያ ነው» በዪው። ብዙ ትምህርት ያለው እዚህች ላይ ነው። ከገበሬ ጋር የሚያወራው በኦሮምኛ ከሆነ ልምምዱም በኦሮምኛ ይሁን።

የብራዚላዊው የቲያትር አዘጋጅ የአውጉስቶ ቦአል ፎረም ቲያትርም ይጠቅምሻል። ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ጨዋታውን ያስቆምና በባለታሪኩ ቦታ ገብቶ የራሱን መፍትሔ ይሞክራል። (ቦአል ዘዴውን ያበጀው ለተጨቆኑት እንጂ ለአለቆች አልነበረም፤ ቢያየን ምን ይል ይሆን?) መጀመሪያ ላይ ግን አለቃና ምንዝርን አንድ ክፍል አታስገቢ። ይሉኝታ አለ፤ አለቃው ፊት ማንም «ቁም» አይልም።

አንድ አደራ፦ ተዋናይ የገዛ ሐዘኑን ቆፍሮ የሚያወጣበትን መልመጃ እዚያ እንዳትሞክሪው። ሰው መሀል ላይ ሆድ ቢብሰው አንቺ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሽም።

የሚጎድልሽ የንግዱ ዕውቀት ነው። ስለ ሥራ አፈጻጸም ግምገማ አንብቢ። በቡና ለቀማ ወቅት አስፈቅደሽ አንድ ጣቢያ ዋዪ፤ ሰዎቹ ምን እንደሚባባሉ ጻፊ። የልምምድሽ ታሪክ ከዚያ ይወጣል። ለመጀመር ያህል ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ተመራቂዎች የሥራ ቃለ መጠይቅ ልምምድ አቅርቢ፤ እነሱ ላይ እጅሽን ታፍታቻለሽ። ድርጅት ስትሄጂ ደግሞ የግማሽ ቀን ሥልጠና ስለ አንድ ከባድ ንግግር ብቻ አቅርቢ። የመጀመሪያውን በነፃ ብትሠሪው አይከፋም። ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ዋጋሽን አስቀድመሽ በጽሑፍ ተዋዋዪ።