ኮምፒውተር ፊት ለሚርድ እጅ፦ የመምህሩ ጥያቄና መልሳችን

ጥያቄ፦ በመሀል አዲስ አበባ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማርኩ መምህር ነኝ። የትምህርት ክፍላችን ማስተማሪያ ጽሑፎችንና ፈተናዎችን ሙድል (Moodle) በተባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ሥርዓት ላይ እንድንጭን ይጠይቃል፤ ጥቅሙን አልጠራጠርም፤ ስልጠናውንም ወስጃለሁ። ነገር ግን ተማሪዎቼ ፊት ፕሮጀክተሩን ስከፍት እጄ ይርዳል፤ በዕድሜ ልጆቼ የሚሆኑትን ረዳት መምህራን መጠየቅም ይከብደኛል። አንድ ባልደረባዬ «ስሜታዊ ብልህነት ያንስሃል» አለኝ። እውነት ነውን? ወይስ የሚያስፈልገኝ ተጨማሪ ስልጠና ነው?
መምህሩ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ባልደረባዎ የሰጡት ፍርድ ትክክል አይመስለንም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ስሜታዊ ብልህነትን ያቀረቡት የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ በማወቅ ሐሳብንና ድርጊትን የመምራት ችሎታ አድርገው ነው እንጂ አለመፍራት አድርገው አይደለም። እጅዎ የሚርደው መቼ እንደሆነና ማንን መጠየቅ እንደሚከብድዎ ለይተው መጻፍዎ የዚሁ ችሎታ ምልክት ነው።

ሰዎች ቴክኖሎጂን እንዴት እንደሚቀበሉ ያጠናው ተመራማሪ ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳየው፣ ሰው አዲስ ቴክኖሎጂን ለመቀበል ሲያመነታ ሁለት ነገሮችን ይመዝናል፤ ለሥራዬ ይጠቅመኛል ወይ? አጠቃቀሙስ ይቀለኛል ወይ? እርስዎን የያዘዎት ሁለተኛው ነው፤ እሱም ከእውቀት ማነስ ይልቅ በታናናሾች ፊት ከመሳሳት ሐፍረት ጋር የተጣበቀ ይመስለናል። በአገራችን መምህር የሚከበረው በእውቀቱ ስለሆነ ይህን ሐፍረት አናቃልለውም። ሆኖም በአዳራሽ የሚሰጥ ሌላ ስልጠና አያስወግደውም፤ የልብዎን ጥያቄ ሳያነሱ ወደ ቤትዎ ይመለሳሉና። ከአንድ ረዳት መምህር ጋር ለብቻ ተቀምጠው የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት ብቻ ይጫኑ፤ ማውዙን ግን እርስዎ ይያዙ። በፈንታው የእሱን የጥናት ረቂቅ ቢያርሙለት፣ መጠየቁ እንደ ውለታ አይከብድዎትም።

ከዚህ ይልቅ አጥብቀን ልናነሳው የምንወደው የተማሪዎችዎን ስሜት ነው። በክፍል ውስጥ ትምህርቱ ያልገባውን ተማሪ ገና ሳይናገር ከፊቱ ያውቁታል፤ በኢንተርኔት በሚሰጥ ትምህርት ካሜራውን አጥፍቶ በስሙ ብቻ በሚታይ ተማሪ ዘንድ ግን ይህ ምልክት የለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኢሜይልና በቴሌግራም ሲቀጥል ብዙ መምህራን ያጡት ይህንኑ ነው። ዝም ያለው ተማሪ ኔትወርክ ተቋርጦበት ይሁን ግራ ተጋብቶ ወይም ተሰላችቶ ከስክሪኑ ማወቅ ስለማይቻል፣ ዝምታውን እንደ ንቀት አይቁጠሩት፤ በየትምህርቱ መጨረሻ ያልገባቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉልዎ ይጠይቋቸው። ይህን ለማድረግ እንደ እርስዎ የተማሪን ፊት ሲያነብ የኖረ መምህር ከወጣቶቹ ቢቀድም እንጂ አያንስም።

ስሜትን ማወቅ ግን ፋይል አይጭንም፤ ስለዚህ ልምምዱን አይተዉ። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆም የሚመጣብዎትን ንዴት ከራስዎ ስህተት ለይተው ይዩት፤ ለዚያ ቀን ሰሌዳውና ጠመኔው ይበቃሉ። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችንም አደራ የምንለው፣ ስልጠናውን በሦስትና በአራት መምህራን ቡድን እንዲሰጡና ከስልጠናው በኋላም መምህራን ቢሯቸው ድረስ ጠርተው የሚጠይቁት አንድ ባለሙያ እንዲመድቡ ነው።