የጦርነት ሙታን እንዴት ይቆጠራሉ? ከኮዬ ፈጬ የተላከ ጥያቄና መልስ

ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ የእድራችን ስብሰባ እንዳለቀ አንድ የሰፈር ልጅ ስልኩን ይዞ ጠጋ አለኝና «የዓለማችን አስከፊ ጦርነቶች» የሚል ዝርዝር አሳየኝ። «ጋሼ፣ እውነት ይህን ያህል ሰው አለቀ?» አለኝ። መልሴን ሳልጨርስ ሌላው ጠየቀ፣ ከዚያ ሌላው። ወንበር ሊሰበስቡ የተነሱትም ተመልሰው ተቀመጡ፤ እስኪመሽ ቆየን። ያልነበሩት ጻፍልን ስላሉኝ እነሆ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. ያልኩበት ብቻ የእኛ ነው።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የከፋው የትኛው ነው?

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት። ከ1939 እስከ 1945 ድረስ ከ70 እስከ 85 ሚሊዮን ሰው አልቋል ተብሎ ይገመታል። በፊልም የለመድነው የአሜሪካንና የእንግሊዝን ወታደር ስለሆነ ሸክሙን የተሸከሙት እነሱ ይመስሉናል። አሜሪካ ያጣችው 400 ሺህ ገደማ ነው። ሶቪየት ኅብረት ያጣችው ግን ወደ 27 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ቻይና ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን። ፖላንድ 6 ሚሊዮን ያህል ሰው አልቆባታል፤ ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው፤ ግማሾቹ አይሁድ ነበሩ። በመላው አውሮፓ ናዚዎች የፈጇቸው አይሁዶች 6 ሚሊዮን ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከጠቅላላው ሙታን ውስጥ ወታደሩ ሲሶ ያህል ነው። የቀረው ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ነው፤ እናት፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን።

ጥያቄ፦ ጠመንጃ ያልያዘው ይህን ያህል በምን አለቀ? ሁሉም በቦምብ ነው?

በቦምብም በጥይትም ያለቀው ብዙ ነው። ነገር ግን ረሃብን አትርሱ። አንድ ከተማ ብቻ ልንገራችሁ፤ ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ። የጀርመን ጦር ከመስከረም 1941 ጀምሮ 872 ቀን ከበባት። አሳቡ ከተማዋን በውጊያ መያዝ አልነበረም፤ በረሃብ መጨረስ ነበር። በዚያ ክረምት፣ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ለሕፃናትና ሥራ ለሌላቸው ሰዎች ይሰጥ የነበረው የቀን ራሽን 125 ግራም ዳቦ ነበር። ዳቦውም ንጹሕ ዱቄት አልነበረም፤ ከእንጨት የወጣ ነገር ሳይቀር ተደባልቆበታል።

ይህን ለተማሪዎቼ ስናገር ቁጥሩ አይገባቸውም ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ልጁን ወደ ሱቅ ልኬ ዳቦ አስመጣሁ፤ ባለሱቁ ሚዛኑን አዋሰን። ቆርጠን ቆርጠን 125 ግራም ላይ ስናደርሰው መዳፌ ላይ የቀረው ቁራሽ አንድ ልጅ ከሻይ ጋር በሁለት ጉርሻ የሚጨርሰው ነበር። ይህ ቁርስ አይደለም፤ የቀኑ ምግብ ነው፤ ውጭው በረዶ ነው፤ ማገዶ የለም፤ ውኃ ከወንዝ ይቀዳል። አንዲት እናት ቁራሹን አንሥታ ለረጅም ጊዜ አየችውና ምንም ሳትናገር ሳህኑ ላይ መለሰችው።

እዚያች ከተማ ታንያ ሳቪቼቫ የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ከእህቷ በቀረ የአድራሻ ደብተር ላይ የቤተሰቧን ሞት ጻፈች። ስማቸው በሚጀምርበት ፊደል ገጽ ላይ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ። እህቷን፣ አያቷን፣ ወንድሟን፣ ሁለት አጎቶቿን፣ በመጨረሻም እናቷን። ከዚያ ሁሉም ሞተዋል፣ የቀረችው ታንያ ብቻ ናት ብላ ዘጋችው። ከከተማዋ ወጥታ ሳለ እሷም በ1944 በሕመም አረፈች። የምታሳዝነኝ፣ ሁለት የእናቷ ልጆች በሕይወት እንዳሉ ሳታውቅ ማለፏ ነው። በዚያ ከበባ የሞተው ሲቪል ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል። አሜሪካ በጦርነቱ በሙሉ ካጣችው ሁሉ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቁጥሩን ማን ይቆጥረዋል? «ከዚህ እስከዚህ» የሚሉትስ ለምንድን ነው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው። የእኛን እድር አስቡ። በደህና ዓመት ድንኳኑ አሥራ ሁለት ጊዜ ይተከላል እንበል። አንድ ክፉ ዓመት መጣና ሠላሳ ጊዜ ተተከለ። ጸሐፊው መዝገቡን ሲያገላብጥ ከሠላሳው በጥይት የሞተ ሦስት ሰው ብቻ ያገኛል። የቀሩት አንዱ በወባ፣ አንዷ በወሊድ፣ ሌላው በስኳር ሕመም፣ ሕፃኑ በተቅማጥ። ታዲያ ጦርነቱ የገደለው ሦስት ብቻ ነው? አይደለም። ጤና ጣቢያው ባይዘጋ፣ መንገዱ ባይቆረጥ፣ እህሉ ባይቃጠል ከወትሮው በላይ አሥራ ስምንት ድንኳን አይተከልም ነበር። አጥኚዎች የሚቆጥሩት ያንን ትርፍ ነው።

ኮንጎ ላይ የተደረገው ይኸው ነው። በ1998 በተነሳው ጦርነት ዘጠኝ ያህል የአፍሪካ አገሮች እጃቸውን አስገብተዋል። ዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ኮሚቴ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ «ማን ሞተባችሁ? መቼ? በምን?» ብለው ጠየቁ። እስከ 2007 ድረስ ከወትሮው በላይ 5.4 ሚሊዮን ሰው ሞቷል የሚል ግምት ላይ ደረሱ፤ አብዛኛው በወባ፣ በተቅማጥ፣ በሳምባ ምችና በምግብ እጦት። ሌሎች አጥኚዎች ተቃወሙ፤ «ደህናው ዓመት ብላችሁ የያዛችሁት ቁጥር አንሷል፣ ድሮም ብዙ ሰው ይሞት ነበር» አሉ። «ከዚህ እስከዚህ» የሚባለው የሚመጣው ከዚህ ክርክር ነው። መዝገብ በሌለበት አገር ደህናው ዓመት ራሱ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ቻይና ውስጥ አንድ ሰው የኢየሱስ ወንድም ነኝ ብሎ ያስነሳው ጦርነት አለ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። የታይፒንግ ጦርነት ይባላል፤ ከ1850 እስከ 1864። መሪው ሆንግ ሹቹዋን የመንግሥት ሹመት ፈተና ደጋግሞ የወደቀ መምህር ነበር። ታሞ ሳለ ባየው ራእይ የኢየሱስ ታናሽ ወንድም ነኝ አለ። ድሃውና ግብር ያስመረረው ገበሬ ተከተለው፤ ናንጂንግን ይዘው ዋና ከተማቸው አደረጓት። ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ሰው አልቋል ይባላል፤ አሁንም አብዛኛው በረሃብና በወረርሽኝ። ይህን ያህል ሰው የፈጀ ጦርነት በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን አንድ ገጽ እንኳ ሳያገኝ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ከዚሁ አገር ሌላ ቁጥር ስልካችሁ ላይ ታገኛላችሁ፤ በ755 የተነሳው የአን ሉሻን አመፅ 36 ሚሊዮን ፈጀ የሚል። እሱን በጥንቃቄ ያዙት። ከአመፁ በፊት የነበረው የሕዝብ ቆጠራ ወደ 53 ሚሊዮን ያሳያል፣ ከአመፁ በኋላ ያለው 17 ሚሊዮን። ልዩነቱን ሁሉ ሞት ያደረጉት ሰዎች አሉ። ነገር ግን መንግሥት ሲፈርስ ቆጣሪውም ይሸሻል፤ ተቆጣሪውም ይሰደዳል። ከመዝገብ የጠፋ ሁሉ ከምድር አልጠፋም።

ጥያቄ፦ ጀንጊስ ካንስ?

እሱና ልጆቹ የፈጁት እስከ 40 ሚሊዮን ይባላል። የዘመኑ ጸሐፊዎች ቁጥር እያበዙ ስለጻፉ አንዱን ቁጥር ይዤ አልምልም። የልጅ ልጁ ሁላጉ በ1258 ባግዳድን እንዳልነበረች ማድረጉ ግን አያከራክርም።

ጥያቄ፦ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በጣም የተጎዳችው አገር የቷ ናት?

ብዙዎች ፓራጓይን ይጠራሉ። ከ1864 እስከ 1870 ከብራዚል፣ ከአርጀንቲናና ከኡራጓይ ጋር በአንድ ጊዜ ተዋጋች። ከሕዝቧ ግማሽ የሚሆነው አልቋል የሚል ግምት አለ። ወንዱ እጅግ ተመናምኖ አገሪቱን መልሰው ያቆሟት ሴቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ የአንደኛው የዓለም ጦርነት እኛን አልነካንም አይደል?

ነክቶናል፤ ስሙን ቀይሮ ነው የመጣው። በጦርነቱ ከ9 ሚሊዮን በላይ ወታደር ሞተ። ሐምሌ 1 ቀን 1916 ሶም በተባለው ግንባር በአንድ ቀን ብቻ ከ19 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ወታደር ወደቀ። የጦርነቱ ማብቂያ ላይ ግን ከመትረየሱ የባሰ መጣ። ወታደሩ በምሽግ፣ በመርከብና በጦር ሰፈር ተጨናንቆ ስለነበር ኢንፍሉዌንዛው በጥቂት ወራት ዓለምን አዳረሰ። ተዋጊዎቹ መንግሥታት ወሬውን በሳንሱር አፈኑት፤ ገለልተኛ የነበረችው ስፔን ጋዜጦች ስለጻፉት የስፔን በሽታ ተባለ። 50 ሚሊዮን ሰው ፈጀ ይባላል።

እኛ ዘንድ የደረሰው በ1911 ዓ.ም. ነው፤ የኅዳር በሽታ የምንለው። አዲስ አበባ ላይ ብቻ እስከ 10 ሺህ ሰው ሞቷል ይባላል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ከየብሎኩ ሥር ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ ጭሱ እስከ አምስተኛ ፎቅ ወጥቶ ልብስ ከገመድ የሚያሰበስበን፣ «ኅዳር ሲታጠን» እያልን የያዝነው ልማድ የዚያ እልቂት ትዝታ ነው። እንግዲህ ያ ጦርነት እስከዚህ ደጅ ደርሷል።

ጥያቄ፦ አቶሚክ ቦምብ?

ሂሮሺማ ላይ እስከ 1945 መጨረሻ ወደ 140 ሺህ፣ ናጋሳኪ ላይ ወደ 70 ሺህ ሰው ሞቷል። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ቶኪዮ በእሳት ቦምብ ስትነድ በአንድ ሌሊት 100 ሺህ ያህል ሰው አልቋል፤ ያንን ሌሊት ግን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ጥያቄ፦ የእኛስ? ጣሊያን ስንት ሰው ጨረሰብን?

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥታችን ለሰላም ጉባኤው ያቀረበው ቁጥር 760,300 ነው። ዝርዝሩን ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ስለጻፍኩት በቃሌ ነው። በጦር ሜዳ 275,000፤ በወረራው ዘመን በውጊያ የወደቁ አርበኞች 78,500፤ በአውሮፕላን ቦምብ ያለቁ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች 17,800፤ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ 30,000፤ በእስር ካምፕ 35,000፤ በችሎት ስም የተገደሉ አርበኞች 24,000፤ መንደራቸው ተቃጥሎ በችግር የሞቱ 300,000። የታሪክ ሰዎች በየዝርዝሩ ይከራከራሉ፤ የየካቲት 12ቱን ዝቅ የሚያደርጉ አሉ። እኔ ግን ሁልጊዜ ጣቴን የማሳርፈው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። በመጀመሪያው መስመር በጦር ሜዳ ወደቀ ከተባለው ይልቅ ጎጆው ተቃጥሎ በጫካና በጎዳና የሞተው ይበልጣል። ለእነሱ ሐውልት የለንም።

ከዚያም በፊት ክፉ ቀን አለ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከጣሊያን ጦር ጋር በምፅዋ የገቡ ከብቶች የደስታን በሽታ ይዘው ገቡ። በሬው አለቀ፤ በሬ ሲያልቅ ማረስ ቀረ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረ። ከአገሩ ሰው ሲሶው አልቋል ይባላል። አድዋ ላይ የተሰለፈው ያንን ረሃብ የተረፈ ሕዝብ መሆኑን ሳስብ ነው ድሉ የሚከብደኝ።

ጥያቄ፦ እንደዚህ ስትነግረን ጀግንነት ከንቱ ነው እያልክ ነው?

አይደለም። አገር ሲወረር የተነሣውን አከብራለሁ፤ ልጆቼንም ያሳደግኩት በዚያ ነው። የምለው የዘመተውን ስንዘክር የተራበውንም እንጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ሰሜኑ ጦርነት ለምን ዝም አልክ?

ዝም ለማለት አይደለም፤ እዚያ የተቀመጥነው ሁላችንም ሰው ያጣንበት ስለሆነ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦባሳንጆ የሟቹን ብዛት 600 ሺህ ገደማ ብለዋል። የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በትግራይ ያለቀውን ሲቪል ብቻ ከ300 ሺህ እስከ 600 ሺህ ገምተዋል፤ ከግምታቸው ትልቁ ድርሻ ረሃብና የሕክምና እጦት ነው። አማራና አፋር ውስጥም ብዙ ቤት ተዘግቷል። ግምት ነው፤ ይከራከሩበታል። እኔ የምፈልገው የትግራዩም፣ የአማራውም፣ የአፋሩም፣ ከየክልሉ የዘመተውም ልጅ በስሙ አንድ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. ዘምቶ ቀረ። መርዶም አልመጣልኝ፣ እሱም አልመጣ። በየትኛው ቁጥር ውስጥ ነው ያለው?

ይህን የጠየቁት ዳቦውን ሳህን ላይ የመለሱት እናት ናቸው። በባድመው ጦርነት ከሁለቱም ወገን የሞተው ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ነው ይባላል። «እትዬ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 30 ሺህ ሰው አለ። አለ ለማለት ማስረጃ ያልተገኘለት፣ የለም ለማለትም የማይቻል። ወንድምዎ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ቀይ መስቀል በጦርነት የተጠፋፋ ቤተሰብ የሚያፈላልግ ክፍል አለው። ዓመቱ ረዝሟል፤ ተስፋ አልሰጠኋቸውም። ሙሉ ስሙን፣ የትውልድ ቦታውን፣ የዘመተበትን ወርና ክፍለ ጦሩን ካስታወሱ ጽፈው፣ ፎቶው ካለ ይዘው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እድሩ ቢሮ ይምጡ ብያቸዋለሁ። ማመልከቻውን አብረን እንጽፈዋለን። እንደ እሳቸው ያላችሁም ኑ፤ እስክርቢቶና ወረቀት እኔ አመጣለሁ።