ደም ወደ ልብ ሲመለስ፤ በደሴና በኮምቦልቻ ለምትሠሩ ወጣት ሐኪሞች

ውድ ልጆቼ፣ የተዘጋ የልብ ደም ሥር ተከፈተ ማለት ሕክምናው አበቃ ማለት እንዳልሆነ ከወዲሁ እንድታውቁልኝ እሻለሁ። ደም ሲቋረጥ የልብ ጡንቻ ኦክስጅን ያጣል፣ በሕዋሱም ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፤ ደሙ በድንገት ሲመለስ ደግሞ አሲዱ በፍጥነት ይጠረጋል፣ ካልሲየም ሕዋሱን ያጥለቀልቀዋል፣ የሕዋሱን ኃይል በሚያመነጨው በማይቶኮንድሪያም ሽፋን ላይ ተዘግቶ የቆየው ቀዳዳ ይከፈትና እስከዚያች ደቂቃ በሕይወት የነበረው ሕዋስ ይሞታል።

መከላከያው ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1986 መሪ፣ ጄኒንግስና ራይመር የተባሉ ተመራማሪዎች የውሾችን የልብ ደም ሥር ለ5 ለ5 ደቂቃ አራት ጊዜ እየዘጉ ከከፈቱ በኋላ ለ40 ደቂቃ ቢዘጉት፣ የሞተው ጡንቻ ያለ ዝግጅት ከተዘጋባቸው ውሾች ሩብ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች የሚያደንቁት ይህንን ነው፤ እኔ ግን ይበልጥ እንድታስታውሱት የምፈልገው መዘጋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ጥቅሙ መጥፋቱን ነው። ጥበቃው ጊዜ ሰጠ እንጂ ጊዜን አልተካም። (ደግሞስ ነገ ልቤ ይታፈናል ብሎ አስቀድሞ የሚነግረን ታማሚ ማን አለ?) በኋላ በሰዎች ላይ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ያ ቀዳዳ እንዳይከፈት ያግዳል የተባለው መድኃኒት ሳይክሎስፖሪን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከ5,000 በላይ ሕሙማን ላይ የተሞከረው ክንድን በግፊት መለኪያ እያሰሩ መፍታት፣ የተጠበቀውን ጥቅም አላስገኙም።

ስለዚህ ልብን የምትጠብቁበት ዋናው መንገድ ሰዓት ነው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚመጣ ሰው ደረቱን ሲያመው «ጨጓራ ነው» ተብሎ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመስመር የሚያሳየውን ምርመራ) አንሡለት፣ የሚከለክለው ነገር ከሌለም አስፕሪን አስኝኩት። የኢሲጂው መስመር (ST) ከፍ ብሎ የደም ሥሩን መዘጋት ካሳየ፣ ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስላለ፣ በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ለመክፈት የሚፈቀደው 120 ደቂቃ በጉዞ ብቻ ያልፋል፤ ደም መፍሰስን የሚያሰጋ ነገር አለመኖሩን አጣርታችሁ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት ባለበት መስጠት ይሻላል።

መድኃኒቱን ከጀመራችሁ በኋላ ከአልጋው አትራቁ። ከእነዚህ የረጋ ደም አሟሚዎች አንዱ የሆነው ስትሬፕቶካይኔዝ የደም ግፊትን ሊጥል ይችላል፣ ደም ሲመለስም የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኢሲጂውን ደግማችሁ ከፍ ብሎ የነበረው መስመር ቢያንስ በግማሽ መውረዱን ተመልከቱ፤ ካልወረደ ታማሚው የደም ሥሩ በካቴተር ወደሚከፈትበት ሆስፒታል ሳይውል ሳያድር መላክ አለበት። ኦክስጅንን በተመለከተ፣ በደሙ ያለው የኦክስጅን ሙሌት 90 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በልማድ ብቻ አታድርጉለት፤ በትልልቅ ጥናቶች ጥቅሙ አልታየም፣ ሲሊንደሩም በእርግጥ ለሚያስፈልገው ይቆይ።