«ከመታሁት ወዲህ ማጉረምረም ትቷል»

ጥያቄ፦ 3 ዓመት የሞላው ክልስ ጀርመን ሼፐርድ አለን፣ ቦቢ ይባላል። በ2 ወሩ ነው ያመጣሁት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቀን በር አጠገብ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ግቢ ውስጥ ይለቀቃል። ባለፈው ወር ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ልጅ ባቱን ነከሰው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ የቅርጫ አጥንት ሲግጥ የ5 ዓመት ልጄ አጠገቡ ብታልፍ ጥርሱን አሳይቶ አጉረመረመባት። በዱላ ገረፍኩት። አሁን አያጉረመርምም፤ ልጅቷ ስትቀርብ መብላቱን አቁሞ ድርቅ ይላል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ባለቤቴ «አስወግደው» ትላለች። እኔ ተሻሽሏል ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?

ከኮተቤ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልተሻሻለም። እንዲያውም ብሶበታል።

ውሻ ሲያጉረመርም «በቃ፣ አትቅረቢኝ» ማለቱ ነው። ዱላው ንዴቱን አላወጣለትም፤ ማስጠንቀቂያውን ነው ያስጣለው። ድርቅ ማለቱ የቀረችህ የመጨረሻ ምልክት ናት፣ ከሷ ቀጥሎ ጥርስ ነው። ስለዚህ ዱላውን ጣል።

የቆጣሪውን ነገር ደግሞ ከቦቢ ወገን ሆነህ እየው። ሰው ይመጣል፣ እሱ ይጮሃል፣ ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ቦቢ ግን ጮኬ አባረርኩት ነው የሚለው፣ እንዲህ እያለ 3 ዓመት ሙሉ ሲያሸንፍ ኖሯል። በዚያ ላይ የታሰረ ውሻ ፈርቶ መሸሽ አይችልም። ያለው መንገድ ወደፊት ብቻ ነው። ቡችላ ሰውን፣ ልጅን፣ ድምፅን የሚለምደው በዋናነት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ያንተ ቦቢ ከዚህ ግማሹን ያሳለፈው ሰንሰለት ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ሰው የለመደ ውሻ አይጠብቅም» ስለሚል አልፈርድብህም። ይከፋልኛል ብሎ ሚጥሚጣ የሚያበላም አለ እኮ! ሆዱን ከማቃጠል ሌላ ፋይዳ የለውም።

ስለተነከሰው ልጅ አንድ ቃል አለመጻፍህ ግን አናዶኛል። ንክሻ ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አይደረግበትም። የነከሰው ውሻ 10 ቀን ተዘግቶበት ይታያል። እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አልነበረም ማለት ነው። የነከሰ ውሻ ተቻኩሎ የማይገደለውም ለዚህ ነው። ሐኪም ክትባት ካዘዘ ግን 10 ቀኑ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ቦቢ ወር አልፎት ደህና ስለሆነ በዚህ በኩል ተርፋችኋል። ቢሆንም ልጁን ፈልገህ ጠይቀው፣ የታከመበትንም ክፈል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ነው የሚጠይቀው፣ አምልጦኝ ነው ብትልም አትድንም።

ከነገ ጀምሮ ቦቢ ሲበላ በር ይዘጋበት፣ አጥንቱን ጨርሶ እስኪነሳ ልጅ ወደዚያ አትሂድ። እንስሳት ሐኪም ጆሮውንና ጥርሱን ይይለት፣ የሚያመው ውሻ ቁጡ ነው፤ የእብድ ውሻ ክትባቱንም በዚያው ያስወጋ። ማኮላሸት ከወንድ ውሾች ጋር መደባደቡንና መዞሩን ሊቀንስ ይችላል፣ ከፍርሃት የመጣ ንክሻን ግን ብዙም አይለውጥም። ሰንሰለቱን አውልቅና ከበሩ ራቅ ብሎ በሽቦ አጥር ሰፋ ያለ ቦታ ሥራለት።

ቀስ እያልክ ደግሞ እንጀራ ፍርፋሪውን ሲበላ ከሩቅ ቁራጭ ሥጋ ወርወር አድርግለትና ሂድ። ድርቅ ካለ በጣም ቀርበሃል፣ ወደኋላ በል። ከቀናት በኋላ ስትመጣ ቀና ብሎ ጅራቱን ካወዛወዘ፣ ሰው ሲመጣ ምግብ እንደሚጨመር እንጂ እንደማይወሰድ ገብቶታል። ይህን የምታደርገው አንተ ብቻ ነህ። ልጅቷ በፍጹም!

ባለቤትህን በተመለከተ፣ ምግብ በሌለበትም ልጅቷን ሲያይ ድርቅ የሚል ከሆነ እኔም ከሷ ጋር ነኝ፣ ከዚያ ቤት ይውጣ። መንገድ ላይ ግን አትጣለው። ለሚወስደው ሰውም መንከሱን እንዳትደብቅ።