ሌሊት የሚወድቅ፣ ጠዋት የሚያልፍ ቴስት

ጥያቄ፦ «አምስት ሆነን ደረሰኝ የሚቆርጥ ሲስተም በፓይተን ቋንቋ እንሠራለን፤ ኮዳችን ጊትሃብ ላይ ነው። ኮዱን የሚፈትሹት ቴስቶች ላፕቶፓችን ላይ ሁልጊዜ ያልፋሉ። ሥራ በዝቶ አምሽተን ኮዱን ወደ ጊትሃብ የላክን (ፑሽ ያደረግን) ዕለት ግን፣ ቴስቶቹን በራሱ በሚያስኬደው ጊትሃብ አክሽንስ ላይ ሦስቱ ይወድቃሉ። ጠዋት ምንም ሳንነካ እንደገና ስናስኬዳቸው ያልፋሉ። አሁን የውድቀቱን ቀይ ምልክት የሚያምን ሰው የለም፤ ሁሉም እንደገና አስኪዶ መርጅ ያደርጋል (ለውጡን ወደ ዋናው ኮድ ያስገባል)። ምን ይሻላል?»

«አምሽተን» ያላችሁት ቃል ወደ ምክንያቱ ይመራል። በቅድሚያ ግን የወደቀውና ያለፈው አንድ ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) መሆኑን በመለያ ቁጥሩ አረጋግጡ። ኮሚቱ የጊትሃብ ሰርቨር ላይ ቀን ከሌት የሚወድቅ ቢሆን ኖሮ የፋይል ስሞቻችሁን እዩ እል ነበር፤ ዊንዶውስ የፋይል ስም ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ስለማይለይ የተሳሳተው ስም ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፣ ሰርቨሩ በሚሠራበት ሊኑክስ ላይ ግን «ፋይሉ የለም» ይባላል። ያው ኮሚት አንዴ ወድቆ አንዴ ካለፈ ግን የሚለዋወጠው ከኮዱ ውጭ ያለ ነገር ነው፦ ሰዓት፣ የቴስቶቹ ቅደም ተከተል ወይም ኔትወርክ። እናንተ ዘንድ ሰዓቱን እጠረጥራለሁ።

የጊትሃብ አክሽንስ ማሽኖች በዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይሠራሉ፤ አዲስ አበባ ከዚያ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ላፕቶፓችሁ ወደ አዲሱ ቀን ይሻገራል። ሰርቨሩ ግን ገና 21፡00 ላይ ስለሆነ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ትናንት ውስጥ ይቆያል። ኮዱ አንድ ቦታ ላይ ቀኑን በአዲስ አበባ ዞን አስልቶ፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ «ዴት ቱዴይ» (የዛሬ ቀን) ብሎ ማሽኑን የሚጠይቅ ከሆነ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱ ምንጊዜም ይስማማሉ። ሰርቨር ላይ 21 ሰዓት ሙሉ ተስማምተው ለ3 ሰዓት ይለያያሉ። የወደቁትን ሩጫዎች ሎግ (የሥራ መዝገብ) ክፈቱና የጊዜ ማህተሙን ተመልከቱ፤ እዚያ የሚታየው ዩቲሲ ነው። ሁሉም ከ21፡00 እስከ 24፡00 ባለው ውስጥ ከወደቁ ጉዳዩ ተለይቷል።

ይህን ለማሳየት ሌሊት መጠበቅ አያስፈልግም። በቴስት ውስጥ ሰዓትን የሚያቆመውን «ፍሪዝገን» የተባለ ላይብረሪ በፓይተን ጫኚው በፒፕ ጫኑ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ «ቲዜድዳታ»ንም ጨምሩ፤ ዊንዶውስ ፓይተን የሚያነበው የሰዓት ዞን ዝርዝር የለውም። ከዚያ በቴስቱ ውስጥ ሰዓቱን ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024፣ 22፡30 ላይ አቁሙት። ፍሪዝገን ይህን እንደ ዩቲሲ ይወስደዋል፤ «ዴት ቱዴይ»ም የላፕቶፑን ዞን ትቶ የዩቲሲውን ቀን ይመልሳል። ስለዚህ ሌሊት ሰርቨር ላይ የምታዩት ቀይ በጠራራ ፀሐይ ላፕቶፓችሁ ላይ ይመጣል።

ይህን ቀን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ መስከረም 1 ቀን 2017 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። በዩቲሲ ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ነው። የአንድ ቀን ስህተት ደረሰኙን ወደ ባለፈው ዓመት ይወስደዋል ማለት ነው።

የሚጠበቀውን ቀን በእጃችሁ ጻፉት እንጂ በቴስቱ ውስጥ እንደገና አታስሉት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጥፋቱ የቴስቱ ይሁን የኮዱ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። የሚጠበቀው «ሴፕቴምበር 11» ተብሎ ተጽፎ ቴስቱ ካለፈ፣ ኮዱ ደህና ነው፤ የተሳሳተው የድሮው ቴስት ነበር። ከወደቀ ግን ደንበኞች ሌሊት የቆረጡት ደረሰኝ በትናንት ቀን ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኞች የሚጠቀሙበት የሥራ ሰርቨራችሁም በዩቲሲ የሚሠራ ከሆነ በእርግጥ ወጥቷል።

ጥገናው አጭር ነው። ኮድ ውስጥ ቃል በሚፈልገው «ጊት ግሬፕ» ማሽኑን ጊዜ የሚጠይቁትን፣ «ዴት ቱዴይ»ን፣ ዞን ያልተሰጠውን «ዴትታይም ናው»ን እና «ዩቲሲናው»ን ፈልጉ። የአዲስ አበባን ቀን የሚመልስ አንድ ፈንክሽን ጻፉ፤ ሰዓት የሚጠይቀው እሱ ብቻ ይሁን። ሌሎቹ ሁሉ ቀኑን እንደ ግብዓት ይቀበሉ፤ ያኔ ለአብዛኛው ቴስት ፍሪዝገንም አያስፈልግም። ዳታቤዝ ውስጥ ክስተቱ የተፈጸመበትን ቅጽበት በዩቲሲ፣ የደረሰኙን ቀን ደግሞ ለብቻው አስቀምጡ። ከገንዘብ ክፍሉም ጋር ተነጋገሩ፦ በእኛ አቆጣጠር ሰዓቱ የሚጀምረው ከንጋት ስለሆነ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተቆረጠ ደረሰኝ የየትኛው ቀን እንደሆነ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልስ ላይኖረው ይችላል። ውሳኔው የእነሱ ነው፤ እናንተ አንድ ቦታ ብቻ ጻፉት።

የድንበር ቀኖችን ጨምሩ፦ ጁላይ 7 ቀን 21፡00 ዩቲሲ፣ ማለትም ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ የሚገባበት ቅጽበት፤ እንዲሁም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023። የመጨረሻው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን ይሆናል። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የተጻፈ ኮድ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው።

ጥፋቱ የኮዱ ከሆነ ከመቼ ጀምሮ እንደገባ ማወቅ ግድ ነው፤ የተበላሹት ደረሰኞች የሚለዩት በዚያ ነው። «ጊት ባይሴክት» ለዚህ የተሠራ ነው፤ ኮሚቶቹን ለሁለት እየከፈለ ይሞክራል፦ 600 ኮሚት ቢኖራችሁ በ10 ሙከራ ገደማ ጥፋተኛው ላይ ያደርሳል። ሰዓቱ ሳይቆም ግን አትጀምሩት። ባይሴክት እያንዳንዱን መልስ ስለሚያምን፣ አንዴ በስህተት «አለፈ» ከተባለ ንጹሑን ኮሚት ይከሳል፣ የሚያሳየውም በሙሉ እርግጠኝነት ነው። ሁለተኛ ወጥመድ አለ። አዲሱ ቴስት በድሮዎቹ ኮሚቶች ውስጥ የለም፤ ቴስቶቹን የሚያስኬደው ፓይቴስት ፋይሉን ሲያጣ 4 ቁጥር ይመልሳል፣ ባይሴክት ደግሞ ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል። ስለዚህ የቴስቱን ፋይል ከሪፖዚተሪው (ከኮዱ ማከማቻ) ውጭ አስቀምጡና ባይሴክትን በትንሽ ስክሪፕት አስኪዱት፦ ፓይቴስት 0 ወይም 1 ከመለሰ ያንኑ ይመልስ፣ ሌላ ማንኛውም ቁጥር ከመጣ 125 ይመልስ። 125 ለባይሴክት «ይህን ዝለል» ማለት ነው።

ማስተካከያውን በአዲስ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ላይ በሁለት ኮሚት አድርጉት፤ መጀመሪያ የሚወድቀው ቴስት፣ ቀጥሎ ጥገናው። ለውጡን የሚገመግመው (ሪቪው የሚያደርገው) ሰው የመጀመሪያውን ኮሚት አውጥቶ ቀዩን በዓይኑ ይይ። ወደ ዋናው ብራንች ስታስገቡ ግን በስኳሽ አንድ አድርጉት፤ ሆን ተብሎ የተሰበረ ኮሚት እዚያ ከቀረ የሚቀጥለውን ባይሴክት ያሳስታል።

አክሽንስ ላይ የሰዓት ዞኑን አዲስ አበባ ማድረግ ቀዩን ወዲያው ያጠፋዋል። አታድርጉት፤ የሥራ ሰርቨሩ ሳይስተካከል ማስጠንቀቂያው ብቻ ይጠፋል። ይልቅ ቴስቶቹን በሁለቱም ዞኖች፣ በዩቲሲና በአዲስ አበባ፣ ጎን ለጎን አስኪዱ። የጊዜ ሰሌዳ ሩጫም ጨምሩ፦ 22፡17 ዩቲሲ፣ በእኛ ከሌሊቱ 7፡17። ሙሉ ሰዓት ላይ አታድርጉት፤ ያኔ ወረፋው ስለሚበዛ ሩጫው ሊዘገይ ይችላል።

እንደገና ማስኬድን በተመለከተ፣ ዋናው ብራንች ላይ ቴስት ሳያልፍ መርጅ እንዳይደረግ በጊትሃብ የብራንች ጥበቃ ቆልፉ። ቀይ ሆኖ ሳይነካ ያለፈ ቴስት ካለ ደግሞ እንደገና ያስኬደው ሰው የኮሚቱን መለያና የወደቀበትን የዩቲሲ ሰዓት ኢሹ (የጊትሃብ የችግር መዝገብ) ላይ ይጻፍ። የወደቁትን ሦስት ቴስቶች ያገናኛቸው ሰዓቱ ነበር፣ ያን ሰዓት የጻፈ ሰው ግን አልነበረም።