አያትሽን በክርስትና ስማቸው ፈልጊያቸው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። አያትሽ ከቢቸና አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ብቻ ነው የምታውቂው፤ ለፋሲካ ሄደሽ ዘመድ ልትፈልጊ አስበሻል፤ «ከየት ልጀምር?» ብለሻል። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች «ዝም ብለሽ ሂጂ፣ አገሬው ይነግርሻል» አሉሽ። እባክሽ ዝም ብለሽ እንዳትሄጂ። እኔ ዝም ብዬ ሄጄ ነው ጉድ የሆንኩት።

የእኔ አያት የመንዝ ሰው ናቸው፣ ያንቺ የጎጃም። ለዚህ ጉዳይ ልዩነት የለውም። ሁለቱም የርስት አገር ነው፣ ሁለቱም ጋ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ነው። እሱን እመጣበታለሁ። በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. የልደት ወረቀት አትፈልጊ። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። የአያትሽን ልደት መዝግቦ የሚጠብቅሽ ቀበሌ የለም። እኔ ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሄጃለሁ። ደስ የሚል ቤት ነው፤ ግን አያትሽ ሹም ወይም ባላባት ካልነበሩ እዚያ ባለው የመንግሥት ደብዳቤ ውስጥ ስማቸው የሚገኝበት ዕድል ጠባብ ነው።

«የጡረታ ፋይል ፈልጊ» ያለሽም ሰው አለ። አያቴ ወታደር ስለነበሩ እኔም ይህን ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ቀና እንኳን ሳትል «ደብዳቤ» አለችኝ። ከማን? «ከሚመለከተው አካል።» የሚመለከተው አካል እኔ ነኝ፣ የልጅ ልጃቸው ነኝ አልኳት። «ሞተዋል አይደል? ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» አለችና መስኮቱን ዘጋችው። ምሳ ሰዓት አልደረሰም ነበር። በመጨረሻ አንድ የመዝገብ ቤት ሽማግሌ አዝነውልኝ ፋይሉን አቧራውን እያራገፉ አመጡት። ከፈትኩት። ስም፦ የማውቀው ስም። የአባት ስም፦ የማውቀው ስም። የትውልድ ቦታ፦ «መንዝ»። አለቀ። መንዝ እኮ ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ ተብሎ የሚቆጠር ሰፊ አገር ነው። ቤት ቁጥር ስትጠይቂ «አዲስ አበባ» እንደማለት ነው።

ዲኤንኤ የሚሉሽንም ተያቸው። ምርመራው የሚያዛምድሽ እንዳንቺ ከተመረመረ ሰው ጋር ብቻ ነው። ቢቸና ያሉት የአያትሽ ወንድም ልጆች ምራቃቸውን በፖስታ ልከዋል ብለሽ ታስቢያለሽ?

2. ዘመን። ሽማግሌ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ተብሎ አይጠየቅም። ከማይጨው በፊት ነው በኋላ? ከሰገሌ ጦርነት በፊት? ከኅዳር በሽታ? እንዲህ ስትይ ወዲያው ይመልሱልሻል። ማይጨው 1928፣ ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911 ነው። ዓመቱ የየትኛው ወንጌላዊ እንደነበረም ጠይቂ። አክስቴ «አባባ ከኅዳር በሽታ በኋላ በመጀመሪያው ማርቆስ ነው የተወለድኩት ይሉ ነበር» አለችኝ። ዓመቱን ለ4 ታካፍያለሽ፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1911 ሉቃስ ነው፤ 1912 ዮሐንስ፣ 1913 ማቴዎስ፣ 1914 ማርቆስ። ስለዚህ 1914። ያ ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ፋይል ግን 1908 ይላል። 1908 ደግሞ ማርቆስ ሳይሆን ዮሐንስ ነው። እኔ አያቴን አምናለሁ።

3. ስም። እዚህ ላይ ነው ገንዘቤም ጊዜዬም ያለቀው፤ ረጋ ብለሽ አንብቢ።

መጀመሪያ የሄድኩት እንዳንቺ በሁለት ስም ነው። ከላም በረት ተነስቼ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፌ ሞላሌ ገባሁ። ብርዱን አልነግርሽም። ጃኬቴን እንደለበስኩ ነው የተኛሁት። ጠዋት በቤተሰብ ወሬ ወደ ሰማሁት ደብር በእግሬ ሄድኩ፤ ያገኘሁትን ሁሉ «የእገሌን ልጅ እገሌን ያውቃሉ?» እላለሁ። የሚያውቅ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ። አንድ ሰው እንኳን «ስሙን የሰማሁት ይመስለኛል» አላለኝም።

ሰው ስም ይቀይራል እህቴ። አያቴ ወታደር ቤት ሲገቡ በሌላ ስም ነው የተመዘገቡት። በመንደራቸው ይጠሩበት የነበረውን እኛ ቤት ማንም ሰምቶት አያውቅም። ይባስ ብሎ የአባታቸው ስም የምንለው የአባታቸው አልነበረም። ያሳደጓቸው አያታቸው ነበሩ፤ በእሳቸው ስም ነው የተጠሩት። እኛ የአባት ስም ብለን ስንጽፍ የኖርነው አንድ ትውልድ ዘሎ ነው። እና እኔ እዚያ ተራራ ላይ ቆሜ በዓለም ላይ የሌለ ሰው እጠይቃለሁ።

የማይቀየረው የክርስትና ስም ነው። ወታደር ቤት አያውቀውም፣ ቀበሌ አያውቀውም፣ ግን ሰው ሲሞት ፍትሐት የሚደረገው በእሱ ነው፤ በተዝካሩም በሙት ዓመቱም ካህኑ የሚያነሱት እሱን ነው። ስለዚህ አያትሽ ሲያርፉ ለቤተ ክርስቲያን ስማቸውን የሰጠ ሰው አለ። ያን ሰው ፈልጊው።

የእኛ ቤት ያ ሰው አክስቴ ነበረች። ከመንዝ አፍሬ ስመለስ ሳቀችብኝ። ከዚያ ትራሷ ሥር ያለውን ዳዊት አወጣች። በመሃሉ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ማጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። አያቴ በሕይወት እያሉ በሰማያዊ ቢክ ያስጻፉት ነው። የሞቱባቸው ሰዎች ስም፣ በጸሎት እንዲታሰቡላቸው። ስድስት ስም፣ ሁሉም በወልደ፣ በገብረ፣ በወለተ የሚጀምር። ከጎናቸው በትንሹ «እናቴ»፣ «አባቴ»፣ «ያሳደጉኝ»፣ «ወንድሜ» ይላል። ከታች አክስቴ በራሷ ጽሕፈት የእሳቸውን ጨምራለች። የቤተሰቡ ሐረግ በሙሉ አንዲት ቅጠል ላይ! እኔ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ስዞር፣ ወረቀቱ ከቤቴ ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ዳዊት ውስጥ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «መች ጠየቅከኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፋይል ፈልግ ያለኝን ሁሉ ሰምቼ አክስቴን አልጠየቅኳትም።

4. መሬት። ያልኩሽ ፍርሃት ይህ ነው። በርስት ዘመን ሰው መሬት የሚጠይቀው ዘሩን እስከ ዋናው አባት ቆጥሮ ነው፤ ያውም በአባትም በእናትም። ሽማግሌዎቹ የትውልድ ቆጠራውን አጥርተው የሚያውቁት ለዚህ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ለጋብቻ ብቻ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገው በኋላ በሐረግ የሚጠየቅ ርስት የለም። ግን ትዝታው አልሞተም። ከከተማ የመጣ ሰው ደብተር ይዞ «አያቴ የማን ልጅ ነበሩ?» ሲል እነሱ የሚሰሙት «ድርሻዬን» ነው።

እኔ ደግሞ ብሶ፣ በመጀመሪያው ጉዞ «መሬታቸው የት ነበር?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ፎቶ ላነሳው እኮ ነው! ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ አንድ ልጅ መጥቶ «ትፈለጋለህ» አለኝ። አንድ ቢሮ ወሰዱኝ፣ መታወቂያዬን ተቀበሉኝ፣ አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዓት አስቀመጡኝ። «ማን ልኮህ ነው የምታስለካው?» ይለኛል ሰውዬው። ሜትርም የለኝ፣ እስክሪብቶ ብቻ። ደብተሬን ገጽ በገጽ አገላበጠ። በመጨረሻ «ሁለተኛ ስትመጣ ደብዳቤ ይዘህ ና» ብሎ ለቀቀኝ። ደብዳቤ አሁንም! ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ጥያቄው ላይ አልፈርድበትም፣ ሦስት ሰዓቱ ላይ ግን እፈርድበታለሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ደብተር አልያዝኩም። የአክስቴን ወረቀት ግልባጭና የአያቴን አንድ ፎቶ ብቻ። ማንንም መንገድ ላይ አልጠየቅኩም። የሄድኩትም በታቦቱ ንግሥ ቀን ነው። አንቺም ለፋሲካ አትሂጂ፤ በፋሲካ ሁሉም በየቤቱ ነው። ለንግሥ ግን የተበተነው ሁሉ ይሰበሰባል። ቅዳሴው አልቆ ሰው ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ወደ አንድ አረጋዊ ቄስ ቀረብኩ። መስቀል ተሳለምኩና «አባ፣ የአያቴን እናት ነፍስ እንዲያስቡልኝ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ውሸት አይደለም፣ ለጸሎቱም ከፍያለሁ። ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። «ወንድሜ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። የእኚያን ወንድም ሙት ዓመት ልጆቻቸው በየዓመቱ ያወጣሉ፤ ስሙን የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። የንስሐ አባትነቱንም ከአባታቸው ነው የወረሱት። ቀና ብለው ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ነጠላ ለብሳ ራቅ ብላ የተቀመጠች አሮጊት በእጃቸው ጠሩ።

የአያቴ ወንድም ልጅ ናት። ፎቶውን አልተቀበለችኝም መጀመሪያ። «ምን ፈልገህ ነው?» አለች። «ምንም። አያቴ የማን ልጅ እንደሆኑ ልወቅ ብዬ ነው።» ዝም። «መሬት የለም፣ ለልጆቹም አልበቃ» አለች። «እኔ አዲስ አበባ ቤት አለኝ» አልኳት፤ የኪራይ መሆኑን አልነገርኳትም። ያኔ ነው ፎቶውን የተቀበለችው። አያቴ አዲስ አበባ ሳይሄዱ በፊት ይጠሩበት የነበረውን ስም ከእሷ አፍ ነው የሰማሁት። ማታ ቤቷ ገብተን እስከ ሰባት ቤት ስትቆጥርልኝ አንድ ቦታ እንኳን አልተደናቀፈችም። እኔ ስልኬ ላይ እቀርጻለሁ። አስፈቅጄ ነው።

ለምን ከአገር እንደወጡም ነግራኛለች። እሱን እዚህ አልጽፈውም፤ የሁለት ወንድማማቾች ነገር ነው፣ ምክንያቱንም ትገምቺዋለሽ።

የት ነበርኩ? አምስት መሰለኝ። አያትሽ ትልቅ ሰው ከነበሩ ደብሩ የቆየ ወንጌል እንዳለው ጠይቂ። ድሮ የጉልት (ግብር የሚሰበሰብበት መሬት) እና የርስት ስጦታ፣ ሽያጭም ጭምር፣ በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ከነምስክሮቹ ይጻፍ ነበር። ራስሽ ካልነካሁት እንዳትይ፣ ካህኑ ያንብቡልሽ። ከ8000 በላይ የብራና መጻሕፍትም በማይክሮፊልም ተነስተው አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታያሉ። ግን ግዕዝ ካላነበብሽ ሰው ያስፈልግሻል፣ እኔ እዚያ ያገኘሁት ነገር የለም።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ እዚያው ላለ ሰው ደውለሽ ሳታረጋግጪ አትነሺ። ደጀን ድረስ ችግር የለም ማለት ከዚያ ወዲያ ችግር የለም ማለት አይደለም።

ታላቅ አክስትሽ በሕይወት አሉ ብለሻል አይደል? በዚህ ሳምንት ሄደሽ «ለአባባ ተዝካር የሰጣችሁት ስም ማን ነበር?» በያቸው። በስልክ አይሆንም፣ ወረቀት ካለ አውጥተው እንዲያሳዩሽ አጠገባቸው መሆን አለብሽ። ስሙን ስታገኚ እዚህ አትለጥፊው፣ በውስጥ ጻፊልኝ። ቢቸና አካባቢ ንግሡ መቼ እንደሆነ የሚያጣራልኝ ጓደኛ አለኝ።